የዳማ ስኳር

ስኳር በሽታ ያለባት ድመት አላቸው ተብሎ በዲላ ከተማ የተሳቀበት ቤት የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሱቅ ስላክ፣ «ድመታችሁ ሻይ የምትጠጣው ያለ ስኳር ነው?» ይሉኝ ነበር። አሥር ዓመቴ ነው። ሳቃቸው ጆሮዬን ያግለዋል። ያኔ የምናደደው በሚስቁት ሰዎች ነበር። ዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶኛል፤ ንዴቱ አልለቀቀኝም፤ የተለወጡት የምናደድባቸው ሰዎች ብቻ ናቸው።

ዳማ የአባቴ ድመት ነበረች። አባቴ ባህሩዲን ከገበያው ወረድ ብሎ የእህልና የሸቀጥ መደብር ነበረው። ዳማ ቀለሟም እንደ ስሟ ነው፤ ሆዷ ላይ ብቻ ነጭ ጣል ያለባት፣ ጆንያውን ከአይጥ የምትጠብቅ፣ ሥራ ስትፈታ የአባቴ ወንበር ላይ የምትተኛ። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ተገልብጦ ሞተ። እናቴ ኑሰይባ መደብሩን ተረከበች። ድመቷን ግን አልወደደቻትም፤ ወንበሩ ላይ ተኝታ ስታገኛት በመጥረጊያ ታወርዳታለች። እኔ ደግሞ ዳማን አቅፌ ፀጉሯ ውስጥ የአባቴን ሽታ እፈልግ ነበር።

ቤታችን ውስጥ እናቴ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት እህቴ ሱራያና እኔ ነበርን። ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ገበያነሽ ተከራይታ ትኖራለች። የገደብ ከተማ ሰው ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ መጋዘን ውስጥ ቡና እየለቀመች የምትኖር። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። እናቴም «እሱ» ናት፣ ድመቷም «እሱ» ናት፣ እኔም «ልጁ» ነኝ። እኔና ሱራያ ከኋላዋ እንስቅባት ነበር።

እትዬ ገበያነሽ ስኳር በሽታ ነበረባት፤ ከማንም አልደበቀችውም። ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ በርጩማ አውጥታ ትቀመጥና ቀሚሷን ገለብ አድርጋ ጭኗን ትወጋለች። አይቶ ፊቱን የሚያዞር ሰው ካለ፣ «ምን አየህ? ሰው ቁርስ ይበላል፤ እኔ ደግሞ ተወግቼ እበላለሁ» ትለዋለች።

ግንቦት ላይ ዳማ ውኃ ማብዛት ጀመረች። ለሶላት የምንታጠብበት የውዱእ ማንቆርቆሪያ ሥር የተንጠባጠበውን ሁሉ ትልሳለች። ትበላለች፤ ግን ጎኗ እየገባ ሄደ። አንድ ቅዳሜ እትዬ ገበያነሽን ጓሮ ውስጥ ጎንበስ ብላ መሬት ስታይ አገኘኋት።

«ሒባ፣ ና እይ» አለችኝ። «ጉንዳኑን እይ።»

ዳማ የሸናችበት ቦታ ላይ ጉንዳኖች ግር ብለው ወጥተዋል።

«የኔም እንዲህ ነበር» አለች። «እሱም እንደ እኔ ሆኗል።»

አለቀስኩ። እሷ አባበለችኝና ድመቷን በዘንቢል ከተን የእንስሳት ሐኪሙ ደመላሽ ጋ ወሰድናት። ደመላሽ የበሬና የፍየል ሐኪም ነበር፤ መጀመሪያ ሳቀብን። በኋላ ከጎረቤት ፋርማሲ የስኳር መለኪያ ተውሶ መጣና የዳማን ጆሮ ጠርዝ በመርፌ ነካ አደረገው። የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ደም ወጣች። ማሽኑ 412 አለ። ደመላሽ ሳቁን አቆመ።

«መጽሐፍ ላይ ነው ያነበብኩት፤ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር» አለ።

እዚያው ቀን ከሰዓት እናቴ ጋ መደብር መጣ። በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን እንደምትወጋ፣ ከመወጋቷ በፊት ደሟ መለካት እንዳለበት፣ ይህም ቤት ውስጥ ሊደረግ እንደሚችል ነገራት። «ግን ወይዘሮ ኑሰይባ፣ ለድመት ይህ ሁሉ ይበዛል ቢሉ አልፈርድብዎትም» አለ።

ዳማን አጥብቄ ያዝኳት። እናቴ ወደ ጓሮ ጣሏት ትላለች ብዬ ነው።

«መድኃኒቱ ሰው የሚወጋው ነው?» አለች እናቴ።

«ራሱ ነው። ለድመት መጠኑ ያንሳል እንጂ።»

«በድመቷ ስም ታዝልኛለህ?»

«አዝልዎታለሁ።»

«እንግዲያው እዘዝልኝ» አለች፤ ሒሳብ ከምትሠራበት ወረቀት ላይ ቀና እንኳ ሳትል።

በማግስቱ መለኪያውን፣ ደሙ የሚነካበትን ስትሪፕ፣ መርፌውንና ኢንሱሊኑን ራሷ ገዝታ መጣች። እናቴ እንደዚያ ስትሆን አይቻት አላውቅም። እጇን ሳምኳት። የአባቴን ድመት መውደድ ጀመረች ብዬ አመንኩ። ሰው ሲስቅባትም አልተቆጣችም። ፋርማሲ ውስጥ ጮክ ብላ፣ «ለድመቴ ነው» ትላለች፤ ይስቃሉ፤ አብራቸው ትስቃለች። «ለሟች ባሏ መታሰቢያ ብላ ነው» ይላል ሰፈሩ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ከዚያ ሁለት ሳምንት በፊት እናቴና ሱራያ ሐዋሳ ሄደው ነበር። የሱራያን ዓይን ለማሳየት ነው ተባልኩ። ሱራያ ያለ መነጽር ተመለሰች። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ዳማን መለካት ያስተማረችኝ እትዬ ገበያነሽ ናት። ጨርቅ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ጨምቃ ጆሮዋ ላይ ታሳርፋለች፤ ደሙ እንዲመጣ። ከዚያ እጄን በእጇ ይዛ፣ «ደም ሥሩን አይደለም፤ ጠርዙን። ቶሎ። አንተ ከፈራህ እሱም ይፈራል» ትለኛለች። ከተወጋች በኋላ ቁራሽ ሥጋ እንሰጣታለን። በሳምንቱ ዳማ የጨርቁን ሙቀት ስታገኝ ዓይኗን ጨፍና ታንኮራፋ ጀመር። አንድ ቀን ግን መድኃኒቱ በዛባት መሰለኝ ተንቀጠቀጠች፤ እግሮቿ ከዷት። እትዬ ገበያነሽ ሮጣ ማር አመጣችና ድዷ ላይ በጣቷ አሸችላት። ትንሽ ቆይታ ተነሳች።

አርባ ገጽ ደብተር አወጣሁ። ጠዋት፣ ማታ፣ ቁጥር። ጠዋት 290፣ ማታ 244። ጠዋት 268፣ ማታ 231። በክፍላችን ውስጥ እንደኔ ንጹሕ ደብተር የያዘ ልጅ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ሱራያ ታጨች። ሙዘሚል ይባላል፤ ቤተሰቦቹ ፍስሐ ገነት ከተማ የመኪና ባለቤቶች ናቸው። እናቱ መጀመሪያ የመጡ ዕለት ስለ ሌላ ልጅ ያወሩትን አስታውሳለሁ። «ቆንጆ ልጅ ነበረች፤ ግን ስኳር አለባት ብለው ነገሩን፤ ተውናት» አሉ። እናቴ፣ «ሻይ ይጨመርልዎ» አለች። እኔ የዳማን ነገር ላነሳ አፌን ስከፍት ጭኔን ከጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠችኝ። ስለ ድመት በእንግዳ ፊት ማውራት ነውር ነው ማለቷ መሰለኝ።

ረመዳን ነሐሴ ላይ ገባ። እኔ እስከ ቀትር እጾማለሁ፤ ሱራያ ሙሉውን ትጾማለች። አንድ ቀን ከቁርኣን ቤት ስመለስ ጓሮ ውስጥ ያየሁትን ዛሬም አየዋለሁ። ሱራያ የእትዬ ገበያነሽ ደጃፍ ላይ ወድቃለች፤ ፊቷ በላብ ተጠምቋል፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። እትዬ ገበያነሽ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ማር በጣቷ ድዷ ላይ ትቀባታለች፤ በኩባያ የስኳር ውኃ ታንቆረቁርባታለች።

«ጾመኛ ናት» ብዬ ጮህኩ።

«ሂድ፣ እናትህን ጥራ» አለችኝ። ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ።

እናቴ መጣች፤ ሱራያን ደግፈው ወደ ውስጥ አስገቧትና በሩን ዘጉብኝ። ማታ ከኢፍጣር በኋላ እናቴ ለብቻዬ ጠራችኝ። «ሙቀት ነው የጣላት። ገበያነሽ ክርስቲያን ናት፤ ጾም አይገባትም፤ ጾሟን አስፈጠረቻት። ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ።

ያቺ ሴት በዚያን ቀን የእህቴን ሕይወት አትርፋለች። እናቴ ይህን እያወቀች ነው እንደዚያ ያለችኝ። እኔም ያንኑ ማር ድመቴ ድድ ላይ ሲቀባ አይቼ፣ ነገሩን ከነገሩ አላገናኘሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እትዬ» ማለቱን ተውኩ፤ «ገበያነሽ» እያልኩ በባዶ ስሟ እጠራት ጀመር። አንድም ቀን አልገሠጸችኝም።

ዒድ ካለፈ በኋላ መስኮት ሥር ተቀምጬ ዳማን ሳበጥር ገበያነሽና እናቴ ሲያወሩ ሰማሁ።

«እሱ ከዚህ ሲሄድ ማን ይለካዋል?» ትላለች ገበያነሽ። «ማን ይወጋዋል? እንዲህ ከሆነ አንድ ወር አይቆይም።»

«ዝም በይ እባክሽ። አላህ ያውቃል።»

«እግዚአብሔር ያውቃል። የሚወስዱትም ሰዎች ይወቁ። ንገራቸው።»

«ብነግራቸው ይወስዱታል? አንቺ ራስሽ ንገሪኝ» አለች እናቴ። የገበያነሽን አነጋገር ተከትላ «እሱ» ብላ መለሰችላት፤ ሆን ብላ ይሁን በአጋጣሚ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ የሰማሁት ዳማን ለሰው ሊሰጧት እንደሆነ ነው። ሐሳቡ የገበያነሽ ነው ብዬ ወሰንኩ። ዳማን አንገቷ ሥር ሳምኳትና ገበያነሽን ጠላኋት። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ የቻለውን ያህል፣ በሙሉ ልቤ።

መስከረም ላይ ስትሪፑ ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ አስተዋልኩ። አዲስ ብልቃጥ ከከፈትን አሥራ ሦስተኛ ቀናችን ነው። አምሳ ስትሪፕ ነበር፤ እኔ በደብተሬ ሃያ ስድስት ተጠቅሜያለሁ። ሃያ አራት መቅረት ነበረበት። ሰባት ነው የቀረው። ማሽኑን ይዤ ቁልፉን ወደ ኋላ ስጫነው ደግሞ የድሮ ቁጥሮችን ያወጣል። እኔ የጻፍኳቸው አሉ፤ በመሃል በመሃል ግን የማላውቃቸው ቁጥሮች አሉ። 310። 187። 295። ሱራያ በወደቀችበት ቀን ጠዋትና ማታ በጻፍኳቸው ሁለት ቁጥሮች መሃል ደግሞ 52 የሚል አገኘሁ።

ግቢው ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ማን ነው? ገበያነሽ ናት። ቁጥሮቹን በቀይ እስክሪብቶ አከበብኳቸው።

የሙዘሚል እናት የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ ከሁለት ዘመዶቻቸው ጋር የመጡት እሑድ ነው። ጎረቤታችን ወይዘሮ የትምወርቅና ሌሎች የሰፈር ሴቶችም ነበሩ። ገበያነሽ እናቴን ልታግዝ ሳህን ይዛ ትመላለሳለች። ሱራያ ሻይ ትቀዳለች። እኔ ደብተሬንና ማሽኑን ይዤ ገባሁ፤ መሃል ላይ ቆምኩ።

«እማ፣ ገበያነሽ የዳማን ስትሪፕ እየሰረቀች ነው» አልኩ።

«ማስረጃ አለኝ» ብዬ ቀዩን ቁጥር ማንበብ ጀመርኩ። ሦስት መቶ አሥር። መቶ ሰማንያ ሰባት። አምሳ ሁለት ስል ሱራያ የምትቀዳው ሻይ ብርጭቆውን ሞልቶ ማቅረቢያው ላይ ፈሰሰ። ገበያነሽ ሱራያን አየቻት። ሱራያም አየቻት። ያን አስተያየት የሌባና የባለቤት አስተያየት አድርጌ ነው የተረጎምኩት።

ገበያነሽ ወደ እናቴ ዞረች።

«ኑሰይባ፣ ተናገር» አለቻት።

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ታጥፋለች፤ ትዘረጋለች።

«ምን ልናገር?» አለች በመጨረሻ። «ልጅ አይዋሽም።»

ልጅ አይዋሽም። እውነቷን ነው፤ አልዋሸሁም። ግን ከዚያ የከፋ ውሸት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ በእኔ እውነት ተጠቅልሎ የተነገረ ውሸት ነው።

ገበያነሽ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «እሺ» አለችና ወጣች። የሙዘሚል እናት፣ «ሌባ ግቢ አስቀምጣችሁ ነው እንዴ ልጅ የምትድሩት?» አሉ። እናቴ፣ «ነገ ትወጣለች» አለች። ወይዘሮ የትምወርቅ ራሴን ዳበሱኝና፣ «ጎበዝ ልጅ» አሉኝ። ያን ማታ ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

በማግስቱ ገበያነሽ ፍራሿንና ድስቶቿን ባጃጅ ላይ ጫነች። እኔ ዳማን ሰርቃ እንዳትወስዳት አቅፌያት በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አጠገቤ ስትደርስ ቆም አለች፤ የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር።

«ጆሮውን ማሞቅ እንዳትረሳ» አለችኝ።

ሠርጉ ኅዳር ላይ ሆነ። ሱራያ ፍስሐ ገነት ገባች። ስትሪፑ ሲያልቅ እናቴ ሌላ አልገዛችም። ኢንሱሊኑም ሲያልቅ እንደዚያው። ለመንኳት። «ድመት ናት፤ ዕድሜዋ ነው» አለችኝ። ዳማ እንደገና ማንቆርቆሪያው ሥር መተኛት ጀመረች፤ ከዚያ መነሳት አቃታት። ታኅሣሥ ውስጥ ሞተች። ጓሮ እንሰቱ ሥር ቀበርኳት። በዚያው ወር ሱራያ ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች፤ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። ሁለቱንም ገበያነሽ ረግማን ነው ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ።

ዓመታት አለፉ። ሱራያና ሙዘሚል ዲላ ገቡ፤ ልጅ ወለዱ። ስኳር እንዳለባት አውቃለሁ፤ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ጀመራት ተብዬ ነው ያደግኩት። ልጁ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ባለፈው ጥር የግራ ዓይኗ ደክሞ ሆስፒታል አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ካርድ ስትሞላ፣ «ስኳሩ ከጀመረሽ ስንት ዓመት ሆነሽ?» አለቻት።

«አሥራ አምስት ሊሞላኝ ነው» አለች ሱራያ።

ቁጥር ላይ ጎበዝ እንደነበርኩ ተናግሬያለሁ። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ሳታዞር ሁሉንም ነገረችኝ። ሐዋሳ የታወቀው የስኳር በሽታዋ ነው። እናቴ፣ ወሬው ሊያጯት ከሚመጡ ሰዎች ጆሮ እንዳይደርስ ዲላ ፋርማሲ በሱራያ ስም መድኃኒት መግዛት ፈርታ ነበር። ድመቷ በጊዜዋ ደረሰችላት፤ በዳማ ስም የተገዛውን ኢንሱሊን ሱራያም ትወጋው ነበር። ገበያነሽ ሱራያን በየቀኑ በድብቅ ትለካት ነበር፤ መወጋት ያስተማረቻትም እሷ ናት። «ማን ይለካዋል?» ያለችው ስለ ሱራያ ነበር። 52 የሱራያ ነበር። ከሠርጉ በኋላ ሱራያ መርፌውን ልብስ ሣጥን ውስጥ እየደበቀች፣ አንድ ቀን ወግታ ሁለት ቀን እየዘለለች ቆየችና ወደቀች። ሙዘሚል ያወቀው ሆስፒታል ውስጥ ነው።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ስኳሩ ግድ አልሰጠውም። መዋሸታችን ነው ያመመው። ሁለት ወር አላናገረኝም፤ ከዚያ ተወው።»

ማለት ያ ሁሉ የተደረገው፣ «እሺ» ሊል ይችል ለነበረ ሰው ነው። ማንም አልጠየቀውም።

ከሆስፒታል በቀጥታ መደብር ሄድኩ። እናቴ አርጅታለች፤ የአባቴ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አወቅኩ አልኳት። አልካደችም።

«አባት የሌላት ሴት ልጅ ነበረች» አለችኝ። «ያን ጊዜ ሰው እንዴት እንደሚያስብ አታውቂም። ማን ያገባት ነበር?»

«ገበያነሽስ?»

«ያለፈ ነገር ነው፣ ሒባ።»

«ለእሷም አልፏል?»

ደንበኛ ገባ። እናቴ ሚዛኑን አነሳች።

በሚቀጥለው ሳምንት ገደብ ወረድኩ። ገበያነሽን ያገኘኋት ገበያ ውስጥ ቆጮና ቡላ ስትሸጥ ነው። ፀጉሯ ነጭቷል፤ ከግራ እግሯ ሁለት ጣቶች የሉም። ስሜን ስነግራት ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ልጁ» አለች። «አድገሃል።»

ይቅርታ ልላት ስጀምር እጇን አንስታ አስቆመችኝ። በረጋ ድምፅ ነው ያወራችኝ፤ ከጩኸት የባሰ ነበር።

«ከእናንተ በወጣሁ ማግስት ሥራ ሄድኩ። መጋዘን በር ላይ ዘበኛው ከለከለኝ። ሌባ ለቃሚ አናስገባም አለኝ። በአንድ ቀን ደርሶታል። ሁለት መጋዘን ሄድኩ፤ እንደዚያው። እዚህ ተመለስኩ። ለመድኃኒት ዲላ መመላለስ አቃተኝ፤ ያመለጠኝ ወር አለ። እግሬን እይ።»

«ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

«ሱራያ በዓይኑ ለመነኝ። ትዳሩ በእኔ አፍ አይፍረስ አልኩ። እናትህ ግን ይናገራል አልኩ። ሰው ሲሄድለት ማታ ይመጣል አልኩ። ማታ አልመጣም። ጠዋት ይመጣል አልኩ። ባጃጁ ሲነሳም ወደ ኋላ አየሁ።»

«አንድም ቀን አልመጣችም?»

«አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ሱራያ ሆስፒታል ከገባ በኋላ። ጨርቅ አመጣልኝ። ለማንም እንዳትነግር አለኝ። ይቅርታ አላመጣም። ጨርቁን መለስኩለት።»

አለቀስኩ። ስታየኝ ፊቷ አልለሰለሰም።

«አንተ ልጅ ነበርክ፤ ትቼዋለሁ» አለች። «ግን ሌባ የተባልኩት በሰው ፊት ነው። እዚህ ቆጮ መሃል ለብቻዬ ይቅርታ ብትለኝ ምን ይሠራልኛል? በሰው ፊት ተናገር።»

የስልክ ቁጥሯን ተቀብዬ መጣሁ።

ለዒድ ቤታችን ሞላ። የሙዘሚል እናት ነበሩ፤ ሱራያ፣ ሙዘሚልና ልጃቸው ነበሩ፤ ወይዘሮ የትምወርቅና ያኔ የነበሩት የሰፈር ሴቶች እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጥተዋል። ምሳ ተነስቶ ሻይ ሲቀርብ ቆምኩ።

«አንድ ነገር ልናገር» አልኩ። «ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት እዚህ ክፍል ውስጥ እትዬ ገበያነሽን ሌባ ብያት ነበር። ሌባ አልነበረችም። አንድም ነገር አልሰረቀችም። እናቴ ያን ቀን ታውቅ ነበር።»

«ሒባ» አለች እናቴ። «በእንግዳ ፊት?»

«በእንግዳ ፊት ነው ያባረርናት።»

«እኔ ምን አልኩ?» አለች። «ሌባ ናት ያልሽው አንቺ ነሽ። ሁሉም ሰው ሰምቷል። አንቺ ነሽ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «አሥር ዓመቴ ነበር፣ እማ። አንቺስ?»

ወደ ሴቶቹ ዞራ አየች፤ ማንም አላገዛትም። ሱራያ ተነስታ አጠገቤ ቆመች። «ስትሪፑን የምጠቀመው እኔ ነበርኩ» አለች። «ስኳር የነበረብኝ እኔ ነኝ። እዚሁ ቆሜ ሻይ እየቀዳሁ ዝም አልኩ።» የሙዘሚል እናት ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። እናቴ ተነስታ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች፤ በሩን ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ወጥቼ ገበያነሽ ጋ ደወልኩ።

«ተናገርኩ» አልኳት።

«እናትህስ?»

«መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።»

ገበያው ይሰማኛል።

«ማን ማን ነበር?» አለች።

አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። የሙዘሚል እናት። ሱራያ። ሙዘሚል። ከማዶ ያለችው ጎረቤታችን ሰላማዊት። ወይዘሮ የትምወርቅ።

«የትምወርቅ ሰማ?»

«ሰሙ።»

«ምን አለ?»

«አንገታቸውን ደፉ።»

«እንደገና ንገረኝ። ማን ማን?»

እንደገና ቆጠርኩላት፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ቀስ ብዬ። በእያንዳንዱ ስም «እሺ» ትላለች።

«የመጋዘኑ ዘበኛስ?» አለች።

«እሱ አልነበረም።»

«እሱ ጋም ሂድ» አለችኝና ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት ልብሴን ለብሼ ስወጣ እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። የት ነው ብላ አልጠየቀችኝም። ያ ዘበኛ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ የመጋዘኑን መንገድ ግን አውቀዋለሁ። ሄድኩ።